ስቴሽነሪ፣ ፕሪንሲፓል፣ ኢፌክት፦ ድምፃቸው አንድ የሆነ የእንግሊዝኛ ቃላት በምን ይለያሉ?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ለገሃር አካባቢ ባለ አንድ ድርጅት የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ነኝ። የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎችን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሰዋስዉ ብዙም አያስቸግረኝም፤ የሚያሳፍሩኝ ድምፃቸው አንድ ሆኖ አጻጻፋቸው የሚለያይ ቃላት ናቸው። ባለፈው ሳምንት ለባንክ በጻፍሁት ደብዳቤ ላይ ‹ፕሪንሲፓል› የሚለውን ተሳስቼ ሥራ አስኪያጁ በቀይ አስምረው መለሱልኝ፤ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አላለኝም ነበር። ‹አፌክት›ና ‹ኢፌክት›ም ያምታቱኛል። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስሄድ ደግሞ ‹ስቴሽነሪ› የሚለው የሱቅ ጽሑፍ አንዱ በር ላይ በ‹ኢ›፣ ሌላው በር ላይ በ‹ኤ› ተጽፎ አያለሁ። ጥንድ ጥንድ እያደረግሁ ብዙ ጊዜ ሸምድጃቸዋለሁ፤ ልጽፍ ስቀመጥ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ይጠፋብኛል። መላው ምንድን ነው?»

መልስ፦ ጠያቂዬ፣ የችግሩን ምክንያት በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ ራስዎ ጠቅሰውታል። ቃላቱን «ጥንድ ጥንድ» አድርገው ሸምድደዋል። መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት የማይዛመዱ ሰዎችን በአንድ ቀን ጎን ለጎን ቆመው ቢተዋወቁ፣ ስማቸውን ለረጅም ጊዜ ሲያቀያይሩ ይኖራሉ፤ አንዱን በቤቱ ከወንድሞቹ ጋር፣ ሌላውንም በሌላ ቀን በራሱ ቤት ከራሱ ወንድሞች ጋር ቢያውቋቸው ግን በመንገድ ላይ ሲያገኟቸው የማን ልጅ እንደ ሆኑ አይጠፋዎትም። ከ20 ዓመት በላይ እንግሊዝኛ ሳስተምርና የመሥሪያ ቤት ጽሑፎችን ሳርም የተረዳሁት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ድምፀ አንድ የሆነ ቃል የሚለየው ከሚመስለው ቃል ጋር በማነጻጸር ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር በማወቅ ነው።

ከዚህ በታች የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛ ፊደል እየጻፍሁ ልዩነቱ ያለበትን ሆሄ ብቻ በስሙ እጠራለሁ። «ኤ» ስል የእንግሊዝኛውን የመጀመሪያ ሆሄ፣ «ኢ» ስል አምስተኛውን፣ «አይ» ስል ዘጠነኛውን ማለቴ ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ስቴሽነሪ» አንድ ዓይነት መሆናቸውን ልብ ይበሉ። የእኛ ጽሕፈት በአመዛኙ ጆሮ የሰማውን ይጽፋል፤ ስለዚህ ከልጅነታችን ጀምሮ ቃልን በጆሯችን መጻፍ ለምደናል፤ ያንኑ ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው ግን ጆሮ ምንም አይነግረንም።

ሆኖም እንግሊዝኛው የሚያደርገው ነገር ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። «ንጉሥ» የሚለው ቃል በንጉሡ ሠ መጻፍ አለበት ብለው መምህራኖቻችን ሲያርሙን፣ በአማርኛ አነባበብ ሠ እና ሰ ከተዋሐዱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ታዲያ ልዩነቱን በምን ያዝነው? በቤተሰቡ ነው፤ ነገሠ፣ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ መንግሥት ሁሉም አንድ ሆሄ ይዘው ይሄዳሉ። በግእዙ ሥርዓት ፀሐይ «ሠረቀች» ስንል በንጉሡ ሠ፣ ሌባ «ሰረቀ» ስንል በእሳቱ ሰ ነው፤ ሥዕል የሚሥለው «ሠዓሊ»ና የሚለምነው «ሰአሊ»ም እንዲሁ በሆሄ እንጂ በድምፅ አይለዩም። እንግሊዝኛም ድምፁ ከተለወጠ በኋላ የቃሉን ዘር በሆሄው ላይ ያስቀረ ቋንቋ ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት በታሪኩ ውስጥ አለ። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 በለንደን አጠገብ በዌስትሚንስተር ማተሚያውን ሲያቋቁም፣ የእንግሊዝኛ አናባቢዎች ትልቅ ለውጥ ላይ ነበሩ። አታሚዎች አጻጻፉን እያረጉት ሲሄዱ አነጋገሩ መለወጡን ቀጠለ። በ«ናይት» ፈረሰኛው መጀመሪያ ላይ ያለው «ኬ» በአንድ ወቅት ይነበብ ነበር፤ በሌሊቱ «ናይት» መካከል ያለው «ጂ-ኤች»ም የእኛን ኸ የሚመስል የጉሮሮ ድምፅ ነበረው። ድምፁ ጠፋ፣ ሆሄው ቀረ። በግእዝ የራሱ ድምፅ የነበረው ብዙኃን ኀ በአማርኛ ከሀ ጋር አንድ ሆኖ እንደ ቀረው ማለት ነው። ቁጥር ሁለትን የሚያመለክተው «ቱ» በውስጡ የማይነበብ «ደብሊው» ያለው ለምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ካለ፣ ዘመዶቹን «ትዌልቭ»ን፣ «ትዌንቲ»ንና መንታን «ትዊን»ን አሳየዋለሁ፤ በእነርሱ ውስጥ ደብሊውዋ ዛሬም ትሰማለች። ከዚያ በኋላ ያ ተማሪ ቁጥሩን ከሌሎቹ ሁለት «ቱ»ዎች ጋር ሲያደባልቅ አላየሁም።

አሁን ወደ ሱቁ በር እንምጣ። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ደብተር የሚሸጥበት «ስቴሽነሪ» በ«ኢ» ነው፤ ማለትም መጨረሻው «ኢ-አር-ዋይ» ነው። በ«ኤ» የሚጻፈው «ስቴሽነሪ» ቅጽል ሲሆን የማይንቀሳቀስ፣ በቆመበት ያለ ማለት ነው፤ ለምሳሌ በትራፊክ መብራት ላይ ስለ ቆመ መኪና ይነገራል። የባለ ኢውን ቤተሰብ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም፤ በዚያው መንገድ ላይ «ግሮሰሪ» የሚል ጽሑፍ ያያሉ። በአዲስ አበባ ግሮሰሪ መጠጥ ቤት ቢሆንም በእንግሊዝኛው ሸቀጥ የሚሸጠው ሰው «ግሮሰር»፣ ሱቁና ሸቀጡ «ግሮሰሪ» ነው፤ ዳቦ ጋጋሪው «ቤከር»፣ ቤቱ «ቤከሪ» ነው፤ የጽሕፈት መሣሪያ ሻጩም «ስቴሽነር»፣ ዕቃው «ስቴሽነሪ» ነው። ባለሙያው በ«ኢ-አር» ስለሚጨርስ ሱቁም ያንኑ ይይዛል። ባለ ኤው ደግሞ የ«ፕራይመሪ»፣ የ«ሴኮንደሪ»ና የ«ቴምፖራሪ» ወንድም ነው፤ ሦስቱም ቅጽሎች ናቸው፣ ሦስቱም በ«ኤ-አር-ዋይ» ይጨርሳሉ። «ላይብረሪ» ስም ሆኖ ሳለ በ«ኤ» መጻፉን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይህን ለቃላቱ ሁሉ የሚሠራ ሕግ አድርገው አይውሰዱት፤ የእነዚህን ሁለት ቃላት ዘመዶች ማወቂያ ነው።

የሚገርመው ሁለቱም ቃላት ከአንድ የላቲን ሥር፣ «መቆሚያ» ከሚለው ቃል የመጡ መሆናቸው ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አብዛኛው ነጋዴ እየዞረ ይሸጥ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ መጻሕፍት የሚሸጡት ግን ቋሚ ቦታ ስለ ነበራቸው «ባለ መቆሚያ» ተባሉ። የለንደኖቹ እ.ኤ.አ. በ1403 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል። እንግዲህ ከዩኒቨርሲቲ አጠገብ ቆሞ ወረቀትና መጽሐፍ መሸጥ ለቃሉ መነሻ ሆኗል፤ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ የምናያቸው ሱቆችም በትክክል ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። በሩ ላይ የሚጻፈው ሆሄ ትክክል ቢሆን ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ጽሑፉን የሚሠራው ባለሙያ የተሰጠውን ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ ማረም ያለበት ጽሑፉን የሚያዘው ሰው ነው።

በቀይ የተሰመረብዎትን ቃል በሚመለከት፣ መፍትሔውን አማርኛችን ሰጥቶናል። በ«ኤ-ኤል» የሚጨርሰው «ፕሪንሲፓል» ማለት «ዋና» ማለት ነው፤ የ«ናሽናል»፣ የ«ሴንትራል»ና የ«ጄኔራል» ወንድም የሆነ ቅጽል ነው። የትምህርት ቤት ኃላፊም በዚህ ስም የተጠራው መነሻው «ዋና መምህር» ስለ ሆነ ነው፤ ከወለድ ተለይቶ የሚቆጠረው የብድር ገንዘብም «ዋና ገንዘብ» ከሚለው አጥሮ ነው። ነጋዴዎቻችን ባንክ ሄደው ሲመለሱ «ወለዱን እንጂ ዋናውን ገና አልነካሁትም» ሲሉ ሰምተው ከሆነ፣ ቃሉን በትክክል ተርጉመውታል። በ«ኤል-ኢ» የሚጨርሰው «ፕሪንሲፕል» ደግሞ መርህ ነው፤ ሁልጊዜ ስም እንጂ ቅጽል አይሆንም። ስብሰባ ላይ «በመርህ ደረጃ ተስማምተናል» የምንለው በእርሱ ነው። እንግዲህ ለባንክ ሲጽፉ «ዋና» የሚለውን በቦታው ያስገቡና ይሞክሩት፤ ከገባ በ«ኤ-ኤል» ይጻፉት። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት እኔም አንድ የብድር ውል ስተረጉም ዋናውን ገንዘብ መርህ አድርጌው ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ነበር ያየሁት። ውሉ እንደ ገና እንዲታተም አድርጌአለሁ፤ የዚያን ቀን ጭንቀት ስለማስታውስ የእርስዎን ኀፍረት እረዳለሁ።

ኮምፒውተሩ ዝም ያለዎት ደግሞ ሥራው ስለ ሆነ ነው። የፊደል ማረሚያው በመሠረቱ የሚያየው ቃሉ በመዝገቡ ውስጥ መኖሩን ነው፤ ሁለቱም ቃላት አሉ። አዳዲሶቹ ማረሚያዎች ከዐውዱ ተነሥተው አንዳንድ ጊዜ ይጠቁማሉ፤ ለባንክ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ግን በ«አንዳንድ ጊዜ» መተማመን አይገባም።

«አፌክት»ና «ኢፌክት» ሰፋ ያለ ቦታ ይገባቸዋል፤ ምክንያቱም በሸመደዱት ዝርዝር ላይ «ባለ ኤው ግስ ነው፣ ባለ ኢው ስም ነው» ተብሎ ተጽፎ ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ይህ ለአብዛኛው ቢሠራም በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ውስጥ ያሳስታል። የሁለቱም ሥር «መሥራት፣ ማድረግ» የሚል የላቲን ግስ ነው። ልዩነቱ ያለው ከፊቱ በተቀጠለው ነው። የባለ ኤው ቅጥያ «ወደ» የሚል ትርጉም አለው፤ ወደ አንድ ነገር ደርሶ መንካት፣ ተጽዕኖ ማሳደር ማለት ነው። የባለ ኢው ቅጥያ «ከ … ወደ ውጭ» ማለት ነው፤ ከአዳራሽ በር በላይ «ኤግዚት» በሚለው፣ በጉምሩክ ወረቀት ላይም «ኤክስፖርት» በሚለው ውስጥ ያለው እርሱ ነው፤ ሁለቱም በ«ኢ» ይጀምራሉ። አማርኛው ደግሞ እዚህ ላይ ልብ የሚነካ ነገር ሠርቷል። «ኢፌክት»ን «ውጤት» እንለዋለን፤ «ውጤት» የመጣው «ወጣ» ከሚለው ግስ ነው። ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል፦ ከአንድ ሥራ የሚወጣው ነገር። መውጣት ካለ «ኢ» አለ።

ይህን ከያዙ ዝርዝሩ የማይነግርዎትን መረዳት ይችላሉ። በከተማችን መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ላይ «ክፍያው እንዲፈጸም» ለማለት ከ«ፔይመንት» በፊት «ኢፌክት»ን እንደ ግስ እንጠቀምበታለን። እዚያ ላይ ግስ ስለ ሆነ ብቻ በ«ኤ» የጻፉ ብዙ ሰዎች አርሜአለሁ። ትክክሉ ግን በ«ኢ» ነው፤ ክፍያውን ከሐሳብ ወደ ተግባር ማውጣት ማለት ነውና። በ«ኤ» ከተጻፈ ትርጉሙ ክፍያውን መንካት፣ ማወክ ይሆናል፤ ባንኩን ክፍያ እንዲፈጽም ሊጠይቁ የጻፉት ደብዳቤ ክፍያውን እንዲያውክ የሚጠይቅ ሆኖ ይገኛል። ባለ ኤውም በሥነ ልቡና ትምህርት ውስጥ ስሜትን የሚያመለክት ስም ሆኖ ይገኛል፤ ያንን ግን በደብዳቤዎ ውስጥ አያገኙትምና አይጨነቁበት።

ከእነዚህ ሌላ በአካባቢዎ የሚያጋጥሙዎትን ጥቂት ልጨምር። «ሳይት» የሚለውን ቃል ግንበኛውም መሐንዲሱም በየቀኑ ይጠራዋል፤ የግንባታው ሳይት የቦታ ቃል ስለ ሆነ የ«ሲቹዌሽን» ዘመድ ነው፤ ሁለቱም በ«ኤስ-አይ-ቲ» ይጀምራሉ። ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፋቸው ምንጭ ሲጠቅሱ የሚያደርጉት «ሳይት» ግን የ«ሳይቴሽን» ዘመድ ነውና በ«ሲ» ይጀምራል። የማየት ችሎታው «ሳይት» በመካከሉ ያንን ድምፁ የጠፋ «ጂ-ኤች» ይዟል። «ካውንስል»ም እንዲሁ ሁለት ነው፦ ምክር ቤት የሆነው በ«ሲ-አይ-ኤል» ይጨርሳል፤ ምክር ወይም የሕግ ጠበቃ የሆነው በ«ኤስ-ኢ-ኤል» ይጨርሳል፤ ሁለተኛው የ«ኮንሰልታንት» ዘመድ ነው፣ ኤሷንም ከዚያ ያገኟታል። «ፐርሰናል» የግል ነው፤ የድሮዎቹ ሠራተኞቻችን የሰው ሀብት ክፍሉን የሚጠሩበት «ፐርሶኔል» ሁለት «ኤን» አለው፤ በአነጋገርም የድምፁ ክብደት በመጨረሻው ላይ ያርፋል። «ሞራል» ደግሞ የሚያሳስተን አማርኛው ስለ ሆነ ይጠንቀቁት፤ እኛ «ሞራሉ ወደቀ» የምንለው በእንግሊዝኛ መጨረሻው ላይ «ኢ» ይጨመርበታል፣ ሁለተኛው ክፍሉም ጠበቅ ብሎ ይነበባል። ኢ የሌለው ሞራል ሥነ ምግባርን የሚመለከተው ነው።

«ዜር» እየተባለ የሚነበበውን ጥንድ በአጭሩ ላሳልፈው፦ ቦታን የሚያመለክተው ከ«ሂር» እና ከ«ዌር» ጋር የሦስት ወንድማማች ቤተሰብ ነው፤ እዚህ፣ እዚያ፣ የት፤ ሦስቱም በ«ኢ-አር-ኢ» ይጨርሳሉ። የእነርሱ የሆነውን የሚያመለክተው ከ«ዜይ» ወጥቶ መካከሉ ላይ «ኢ-አይ» ይይዛል። «ኢትስ» ላይ ከሆሄያቱ በላይ ስለምትሰቀለው ጭረት ብዙ ይጻፋል። ለእርስዎ ግን ቀላል መንገድ አለ፤ ጭረቷ የምትመጣው ሁለት ቃላት ሲያጥሩ ነው፣ በመደበኛ ደብዳቤ ላይ ደግሞ ቃል ማሳጠር ተገቢ አይደለም፤ ስለዚህ በሚጽፉት የሥራ ደብዳቤ ሁሉ «ኢትስ» ያለ ጭረት ነው።

እስካሁን የጠቀስኋቸው አብዛኞቹ በእንግሊዞቹ አፍም አንድ ወይም እጅግ የተቀራረበ ድምፅ ያላቸው ናቸው። ከእነዚህ ፈጽሞ ሊለዩ የሚገባቸው በእኛ ጆሮ ብቻ አንድ የሚሆኑት ናቸው፤ የሁለቱ መድኃኒት የተለያየ ነውና። መኖርን የሚያመለክተው «ሊቭ» አጭርና ላላ ያለ አናባቢ ሲኖረው፣ የዓመት ፈቃድ የምንጠይቅበትና መሄድን የሚያመለክተው «ሊቭ» ረዘም ይላል። መርከብ የሆነው «ሺፕ»ና በግ የሆነው «ሺፕ»ም በዚሁ ይለያያሉ። እኛ ሁለቱንም በአንድ ኢ ስለምንጠራቸው መጀመሪያ በጆሮ፣ ቀጥሎ በአፍ መለማመድ ያሻል። ይህ ከአቅማችን በላይ አይደለም፤ «ገና» ስንል በዓሉንና «እስካሁን»ን፣ «አለ» ስንልም መናገርንና መኖርን፣ ፊደሉ ሳይረዳን በመጥበቅና በመላላት ብቻ የምንለይ ሕዝብ ነን። በስልክ ቁጥር ሲቀበሉ ደግሞ 15 እና 50ን አይገምቱ፤ በ15 መጨረሻው ረዝሞ ክብደት ይይዛል፣ በ50 ክብደቱ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከተጠራጠሩ «ዋን ፋይቭ» ወይስ «ፋይቭ ዜሮ» ብለው ይጠይቁ። በሌላ በኩል የእኛ ፊደል የሚያግዝባቸውም አሉ፦ ምክር «አድቫይስ» በ«ሲ»፣ መምከር «አድቫይዝ» በ«ኤስ» ነው፤ ስ እና ዝን ጆሯችን በደንብ ይለያቸዋል። ብሪታንያውያን «ላይሰንስ»ንና «ፕራክቲስ»ንም በዚሁ ምሳሌ፣ ስሙን በ«ሲ» ግሱን በ«ኤስ» ይጽፋሉ። አሜሪካውያን «ላይሰንስ»ን ሁልጊዜ በ«ኤስ»፣ «ፕራክቲስ»ን ሁልጊዜ በ«ሲ» ይጽፋሉ። መሥሪያ ቤትዎ የሚከተለውን አንዱን ይያዙ እንጂ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ አይቀላቅሏቸው።

ሥራውን እንዲህ ቢጀምሩት እመክራለሁ። የጥንዶቹን ዝርዝር ያስቀምጡት። በአንድ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ገጽ ይስጡ፤ በገጹ ላይ ቃሉን፣ ሁለት ወይም ሦስት ዘመዶቹንና ከራስዎ የሥራ ደብዳቤ የወሰዱትን አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። የሚመስለውን ቃል እዚያ ገጽ ላይ አያስገቡት፤ የመጀመሪያው በእጅዎ ላይ እስኪረጋ ድረስ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው፣ በሌላ ገጽ ይጻፉት። ሁሉንም ማጥናት አይጠበቅብዎትም፤ ያለፉትን ደብዳቤዎችዎን ቢመረምሩ ተደጋግመው የሚያሳስቱዎት ጥቂት ቃላት መሆናቸውን ያያሉ። ደብዳቤ ጨርሰው ከመላክዎ በፊት በኮምፒውተሩ መፈለጊያ እነዚያን ጥቂት ቃላት እየፈለጉ ያሉበትን ዐረፍተ ነገር ለብቻው ወደ አማርኛ መልሰው ያንብቡት። እንግሊዝኛው በድምፅ ያቀላቀላቸውን አማርኛው አራርቆ አስቀምጧቸዋል፤ «ዋና»ና «መርህ»፣ «ውጤት»ና «መንካት»፣ «ምክር ቤት»ና «ጠበቃ» በማንም ጆሮ አይምታቱም።